አያ ጫኔና ባለ ሰባት መብራቷ ትራክተር

አያ ጫኔ መሞቱን የሰማሁት ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ውስጥ፣ በቀይ ሽንኩርት ዋጋ ከአንዲት ሴት ጋር ስጨቃጨቅ ነው። የኮሶዬው አያ ባዘዘው ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ያለ ሰላምታ፣ ያለ «እንዴት ከረምክ»፣ «ጸሐፊው፣ ጫኔ እኮ አረፈ» አለኝ።

«የቱ ጫኔ?» አልኩት። ልቤ አውቆታል፣ አፌ ነው የጠየቀው።

«ስንት ጫኔ አለህ? ባለ መብራቱ ነዋ! ድብ ባሕር ከእኅቱ ዘንድ ሆኖ ነው ያረፈው። እኛም ወርደን ቀበርነው። አስከሬኑ ሲወጣ የኮሶዬ ሰው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ አብርቶ ሸኘው። የዚያ አገር ቄሶች ‹ይህ ደግሞ የየት ሥርዓት ነው?› ብለው ተቆጡ። ማን ይስማቸው!»

ሽንኩርቱን ትቼ ሄድኩ። ሴትዮዋ ከኋላዬ «ምነው ጌታዬ፣ እንስማማለን እኮ!» ትላለች። እንባዬን አይታ ሽንኩርቱ ያስለቀሰኝ መስሏት እንደሆነ እንጃ።

ስንቱን ባለ ማዕረግ፣ ስንቱን የተማረ ሰው አውቄያለሁ። የብዙዎቹ መልካቸው እንኳ ጠፍቶኛል። አያ ጫኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን ከተፍ ይላል፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ትከሻው ላይ ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር የጣልያን ወታደር ካፖርት። የካፖርቱ ኪስ ውስጥ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የገብስ ቆሎ አብረው ይኖራሉ። ዘግኖ የሰጠህን ቆሎ ሳታይ ወደ አፍህ ከከተትክ ብሎን ትነክሳለህ። የእኔ አንድ ጥርስ የተሸረፈው በእሱ ቸርነት ነው።

በጣልያን ጊዜ አዘዞ፣ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲነፋ ነበር አሉ። ከጣልያንኛ የሚያውቀው ስድቡን ብቻ ነው፤ «ሞተር ሌላ ቋንቋ አይገባውም» ይል ነበር። አልነሳም ያለ ሞተር ሲያጋጥመው መጀመሪያ ይሰድበዋል፣ ቀጥሎ ይቅርታ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ካቻቢቴውን ያወጣል። እኔም አሥር ጊዜ ስቄበታለሁ። ሞተሩ ግን ይነሳል።

ደግሞ መዋሸት አይችልም። አይዋሽም ማለቴ አይደለም፤ ከልቡ ይሞክራል፣ አይሆንለትም። አንድ ጊዜ ጎረቤት ልጁን ድሮ ጠራን። የሙሽራዋ እናት መጥታ «አያ ጫኔ፣ ወጡ እንዴት ነው?» ብትለው፣ «ሸጋ ነው በል» ለማለት በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። አፉን ከፍቶ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ «እመቤቴ፣ ጨውን ሁለት ሰው ነው የጨመረው፤ አንዱ ሌላውን ሳያይ» አላት። ከዚያ ቤት ለክርስትና እንኳ ሳንጠራ ቀረን። በመንገድ ስሰድበው፣ «ምን ላድርግ ጸሐፌ፣ ልለው ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ» አለኝ። እኔን «ጸሐፌ» ነበር የሚለኝ።

የምንሠራው ኮሶዬ፣ ከደባርቅ መንገድ ዳር ካለች ትንሽ የመንግሥት የዘር ማሳያ ጣቢያ ነበር። እኔ ጸሐፊ፣ እሱ የማኪና ኃላፊ። ማኪና የምላችሁ አንዲት የአትክልት ትራክተር ናት። አንድ ፈረንጅ ጎመንና ድንች አሳያችኋለሁ ብሎ ይዟት መጣ፣ አንድ ክረምት የኮሶዬን ብርድ ቀመሰ፣ እሷን ትቶ ነፍሱን ይዞ ሄደ። ከሰው ወገብ አትበልጥም። ያገሩ ሰው «ጥጃዋ» አላት። አያ ጫኔ ሲቀመጥባት ጉልበቱ ጆሮው ጋ ይደርሳል።

ይወዳት ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ብርድ የባሰ እንደሆነ ጋቢውን ገፎ ሞተሯን ያለብሳል። «ምነው አያ ጫኔ፣ አንተስ?» ብለው፣ «እኔ ሲበርደኝ ተነሥቼ እሄዳለሁ፤ እሷ ሰው ካልነዳት ወዴት ትሂድ?» አለኝ። አንጀቴን በላው፣ ሳቄም መጣ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከጎንደር ደብዳቤ መጣ። የማሳያው መሬት፣ ዐሥሩም ጥማድ፣ እስከ ሰኔ ሃያ ቀን በትራክተሩ ታርሶ ካልተገኘ፣ ትራክተሩ ጥቅም እንደሌለው ተቆጥሮ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ይዛወራል ይላል። አያ ጫኔ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። በሦስተኛው ላይ ቆቡን አወለቀ።

«እሷ ናት ጥቅም የሌላት?» አለ። «እስቲ ጸሐፌ፣ ‹ጥቅም› የሚለውን ዝለለውና አንብበው።»

ዘለልኩት። ያው ነው፤ ይወስዷታል።

ቤንዚኑ ተጠይቆ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት የደረሰን ሰኔ ዐሥር ነው። ዐሥር ቀን ለዐሥር ጥማድ መች አነሰ ትሉ ይሆናል። ኮሶዬን አታውቋትማ! ጠዋት ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ የገዛ እግርህን አታይም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው። የተረፈችውን ደግሞ በዓል ይወስዳታል፤ ዐሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ከዚያ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ኪዳነ ምሕረት፣ ሐሙስ ገብርኤል። አያ ጫኔ በጣቱ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ፣ ጣቶቹን ኪሱ ከተተና ወደ ቄሰ ገበዙ ይዞኝ ሄደ።

«አባ» አላቸው፣ «በሬ በበዓል አይጠመድም። ይሁን። ትራክተር በሬ ናት?»

ቄሰ ገበዙ ነገር በጥድፊያ አይወዱም። ጺማቸውን ያዙ። «ትበላለች?»

«አትበላም። ትጠጣለች።»

«ትጾማለች?»

«ቤንዚን ሲጠፋ ትጾማለች። ዘንድሮ ከሁዳዴ ጀምራ ጾማ አሁን ነው የገደፈችው።»

«ነጂዋ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«አንተ ክርስቲያን ነህ?»

«ምነው አባ! የንስሐ አባቴ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እንግዲያ እሷ ብትፈታ አንተ ታስረሃል» አሉት። ዘወር ብሎ ሲሄድ ግን አዘኑለት መሰል፣ መልሰው ጠሩት። «ስማ ጫኔ። ቀን የሚጀምረው ከማታ ነው። የሚካኤል ፀሐይ ከጠለቀች ወዲያ ያለው ሰዓት የማግስቱ ነው፤ በዓል አይደለም። ግን በጨለማ ማን ያርሳል? ገደል መግባት ነው።»

«ብርሃን ካለስ?»

«ብርሃን ካለማ እኔ ምን ገዶኝ!»

ወይ ጣጣ! ይችን ቃል ባልተናገሯት እላለሁ አንዳንዴ።

ትራክተሯ የነበራት የድመት ዓይን የምታህል አንዲት መብራት ናት። ሰኔ ዐሥራ አንድ፣ ከሚካኤል በፊት ማረስ የሚፈቀድባት ያች አንዲት ቀን፣ አያ ጫኔ ትራክተሯን አቁሞ ገደል ወረደ። ጣልያን ሲሸሽ የጣለው የጭነት መኪና እዚያ ተገልብጦ ይኖራል። ሁለቱን የፊት መብራት፣ ቀዩን የኋላ መብራትና ሹፌሩ ጋ የምትበራዋን ትንሿን ነቅሎ መጣ። ከአንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት አምስተኛዋን፣ ፈረንጁ ከተወው ዕቃ ውስጥ ስድስተኛዋን አገኘ። በወይራ እንጨት ቆጥ የመሰለ ነገር አቆመባት፣ መብራቶቹን በጠፍር አሰራቸው። ከጥንቷ ጋር ሰባት ሆኑ።

ሁለቱ ትልልቆቹ ከጥንቷ ጋር ወደ ፊት ያያሉ፤ ይኼስ ደግ። ቀዩን ወደ ኋላ አዞረው። «የመጣንበትን ካላየን የምንሄድበትን በምን እናምናለን?» አለ። አንዱን ወደ ሰማይ ቀጥ አደረገው። «ይኼስ?» አልኩት። «ዝናብ ሲመጣ ቀድሜ ልየው።» አንዱን ወደ ማረሻው፣ ትንሿን ደግሞ ወደ ገዛ ፊቱ አዞራት።

«አያ ጫኔ፣ ፊትህን ለምን ታበራለህ? እርሻ አለበት?»

«ሰው በማታ ድምፅ ሰምቶ ሰይጣን ነው እንዳይል ነዋ! ነጂው ክርስቲያን መሆኑ ይታይ።»

የሚካኤል ፀሐይ ጠለቀች። አያ ጫኔ አማተበ፣ ሞተሩን በጣልያንኛ ሰደበው፣ ወጣ። ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ መሬቱን ሞልቶታል። መብራቶቹ ጉሙ ውስጥ ጠፉ፤ ጎልታ የቀረችው ፊቱ ላይ ያለችው ናት። ከወንዝ ውኃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት ሴት ቀና ብትል፣ የሽማግሌ ራስ ብቻውን፣ ያለ አንገት ያለ ገላ፣ እያጉረመረመ አየር ላይ ይሄዳል። እንስራዋን ወርውራ «ኡኡ! የሰው ራስ መሬት እያረሰ ነው!» ብላ ጮኸች። መንደሩ ጦርና ጠበል ይዞ ወጣ። እኔ መሐል ገብቼ «ኧረ አያ ጫኔ ነው!» እያልኩ ጉሮሮዬ ነቃ። እሱ ከላይ ሆኖ «አላልኩህም ጸሐፌ? ፊቴ ባይበራ በጦር ወግተውኝ ነበር» ይለኛል።

ይኼ ሁሉ ሆኖ አንድ ትልም ሳይጨርስ ሞተሩ ጠፋ። ያች ትንሽ ባትሪ ሰባት መብራት ማብላት አልቻለችም። መብራቱን ሲያጠፋው ሞተሩ ይነሣል፤ ሲያበራው ሞተሩ ይጠፋል። ስትሄድ አታይም፣ ስታይ አትሄድም።

«አንዷን ብቻ አብራ፣ ሌላውን ፍታው!» አልኩት።

«የትኛዋን ልፍታ?» አለኝ። አንዷንም ሊፈታ አልሆነለትም። ሁሉም ምክንያት አላቸዋ!

ዓርብን መላውን ከመንገድ ቆሞ መኪና ሲያስቆም ዋለና ከአንድ ሹፌር በልመና ትልቅ ባትሪ አገኘ። ትራክተሯ ላይ ቢጭነው ከክብደቱ የተነሣ ማረሻ መጎተት አቃታት። ስለዚህ ምን አደረገ? ባትሪውን ሳንቃ ላይ አሰረው፤ ሳንቃውን የአያ ባዘዘው በሬዎች ከጎኗ እየሄዱ እንዲጎትቱት፣ ከሳንቃው ወደ እሷ ሽቦ እንዲዘረጋ። አያ ባዘዘው ትራክተሯን ጠላት አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። «ይቺ ጥጃ ካደገች በሬዎቼ ለቆዳ ነው የሚቀሩት» ይል ነበር። በሬዎቹን ሲጠየቅ ግን እምቢ አላለም፤ የሚሆነውን ለማየት ጓጉቶ ነው።

የኪዳነ ምሕረት ማታ ወጣን። በሬዎቹ ከትራክተሯ ይፈጥናሉ፤ ዐሥር እርምጃ ሳይሄዱ ሽቦውን ነቅለው ጨለማ ያደርጉናል። አያ ባዘዘው «ምን ላድርግ፣ በሬዎቼ የጥጃ እርምጃ አያውቁም» ይላል፣ ኩራት ኩራት እያለው። ማክሰኞንና ረቡዕን፣ የሥራ ቀኖቹን፣ አያ ጫኔ ሽቦ ሲያስረዝም ዋለ። የገብርኤል ዕለት የታረሰውን ለካን። አንድ ጥማድ፣ እሱም ጠማማ። እርሻውን የሚያየው ተቆጣጣሪ ከጎንደር በማግስቱ ጠዋት ሊመጣ ነው።

የገብርኤል ፀሐይ ስትጠልቅ ትራክተሯ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣች። ገና ከመግባቷ ጭቃው ጎማዋን ዋጠው። አያ ጫኔ ሰደበ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ወረደ፣ ገፋ። ምንም። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ ቦግ ብሎ፣ ባትሪው አጠገቧ ተቀምጦ፣ እሷ ቆማ ቀረች። ጉም አልነበረም በዚያን ዕለት፤ መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። አያ ጫኔ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። «በቃ ወሰዷት» አለ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

አያ ባዘዘው መሬቱን አየ፣ በሬዎቹን አየ፣ መብራቱን አየ። «ወይ ጉድ» አለ። «ይኼን የመሰለ ብርሃን እያለማ ሥራ መፍታት ነውር ነው።» ሮጦ ሄደ፣ ቀንበርና ሞፈር ይዞ ተመለሰ። ጠመደ። ጅራፉን ሲያጮኸው ሰው ሁሉ ሰማ፤ በማታ ጅራፍ ማን ያጮኻል? ወጥተው ቢያዩ መሬቱ ቀን መስሏል። አንዱ ጠምዶ መጣ፣ ሌላውም «እኔስ ከማን አንሼ?» አለ። ሳይጠራ ደቦ ሆነ። ዐሥር ጥማድ በሬ ተሰለፈ። አያ ጫኔ ትራክተሯ ላይ ወጥቶ ቆጡን ወደሚያርሱበት እያዞረ «ወደ ግራ? መጣሁ! ወደ ታች? መጣሁ!» ይላል። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ዳር ቆመው «ያች ወደ ሰማይ የምታየዋ ትጥፋ፤ መላእክቱን አታንቃ» ይላሉ። ያን ማታ ያህል ስቄ አላውቅም። እኩለ ሌሊት ሳይሆን ዐሥሩ ጥማድ ታርሶ አለቀ።

ሰው ሲበተን አያ ጫኔ ቢሮዬ ድረስ መጣ። «ነገ የምትሰጠውን ወረቀት ልትጽፍ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«የሆነውን ጻፍ።»

«እሺ» አልኩት። አልጻፍኩትም። «ዐሥሩም ጥማድ በትራክተሩ ታርሷል፤ እኔም ጸሐፊው በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁ። ለእሱ ብዬ ነው። ለራሴም ነው፤ ትራክተሯ ከሄደች ጣቢያው ሊዘጋ ይችላል፣ እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ልኬ ልጃገረድ አስጠይቄ ነበር።

ጠዋት ተቆጣጣሪው በጂፕ መጣ። አጭር፣ ብርድ የማይችል፣ ሁለት ካፖርት የደረበ ሰው ነው። ገበሬው ሁሉ ወጥቷል፤ በሬዎቹም አጥሩ ዳር ቆመዋል። ጉሙ ገለጥ ሲል ወረቀቴን በእጁ እንደያዘ መሬቱ ውስጥ ገባ፣ ጎንበስ አለ፣ ጫማውን አነሣ።

«ትራክተራችሁ እበት ይጥላል እንዴ?»

አያ ባዘዘው ቀድሞ ደረሰ። «ጌታዬ፣ ይቺ ጥጃ የማታደርገው የላትም!»

«ኮቴስ አላት?»

«ጌታዬ፣ ስትቸኩል ብዙ ነገር ይኖራታል!» ሌሎቹም ተቀበሉት። «እሷ ናት ያረሰችው! በዓይናችን አይተናል!» ትናንት ጠላት ያደረጓትን ትራክተር ዛሬ በታቦት ይምሉላታል።

ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ። የብርዱ ነገር ከሁሉ በልጦበታል። «ስሙ፣ እኔ ደባርቅ መድረስ አለብኝ» አለ። «ነጂው አንተ ነህ አያ? ‹ትራክተሩ አርሶታል› በለኝ፤ እፈርማለሁ፣ ትራክተሩም እዚሁ ይቀራል። አንዲት ቃል ነች።»

ሁላችንም አያ ጫኔን አየነው። አያ ባዘዘው በከንፈሩ «በል፣ በል» ይላል። አያ ጫኔ ትራክተሯን አያት። ጭቃ ውስጥ ናት፤ ጋቢው ላይዋ ነው። አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘወር ብሎ በሬዎቹን አየ።

«ጌታዬ» አለ፣ «አበራች እንጂ አላረሰችም። ያረሱት እነዚህ ናቸው። ቆመው እያዩኝ ድካማቸውን እንዴት ለሌላ ልስጥ?»

«ኧረ ጫኔ!» አለ አያ ባዘዘው፣ ራሱን ይዞ። «በሬዎቹ የእኔ ናቸው! እኔ ይቅር ብያለሁ!»

ተቆጣጣሪው አልሳቀም። ወረቀቴን ከፍ አደረገው። «እንግዲያ ይህን ማን ነው የጻፈው? ‹በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ›! የመንግሥት ማኅተም የተመታበት ውሸት! ይህ ሰው ከሥራ ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ ይታሰራል!»

ምላሴ ተሳሰረ። ማታ «የሆነውን ጻፍ» ያለኝ ሰው አጠገቤ ቆሟል፤ ከእሱ ሌላ ይህን የሚያውቅ የለም። አፉን ከከፈተ አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እሱ ምን ያውቃል ጌታዬ፣ ቢሮው ውስጥ ተኝቶ ነበር» አለ አያ ጫኔ። «‹እሷ አረሰችው፣ አይቼልሃለሁ፣ ጻፍ› ያልኩት እኔ ነኝ። እምቢ አለኝ፤ ‹ሽማግሌ ነኝ፣ እመነኝ› ብዬ አስገደድኩት። ውሸቱ የእኔ ነው።»

«ውሸታሙ አንተ ነህ ማለት ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

ተቆጣጣሪው እዚያው ጂፑ ላይ ጻፈ፤ ትራክተሯ ትወሰድ፣ ነጂው ይሰናበት። «ዋሽቷል፣ እኔ ነኝ» ለማለት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ አላልኳትም። በዚያ ደሞዝ አገባሁ፣ ልጅ አሳደግሁ፣ ዛሬም በጡረታው ሽንኩርት እገዛለሁ።

ያ ሰው ትራክተሯን ለማትረፍ አንዲት ውሸት ያቃተው፣ እኔን ለማትረፍ ሲዋሽ ምላሱ አልተሳሰረም። ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። በሬዎቹ እዚያው አጥሩ ዳር ቆመው ነበር፤ ዞሮ አላያቸውም።